ባዶ ክፍል የሚያንኳኩት ሰው

መጀመሪያ የልጅቷ ዓይን ውስጥ የገባው ማንኳኳታቸው ነው። ቁልፉ በእጃቸው ነው። የዚያ ክፍል ቁልፍ ከእሳቸው በቀር ማንም ዘንድ የለም፤ በሩም ከትናንት ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። እንዲያም ሆኖ ቁልፉን ከመክተታቸው በፊት በመሐል ጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ እንጨቱ ዘንበል አድርገው ቆሙ። ስድስት ወይም ሰባት የሚያስቆጥር ጊዜ አለፈ። ፈቃድ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በሩን ከፈቱ።

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለች ከኋላቸው።

«ማንም የለም» አሉ። «ቀስ ብለሽ ግቢ።»

በመታወቂያ ካርዳቸው ላይ ደንበኛ ስም አላቸው። በሕንጻው ውስጥ ግን ከጥበቃው እስከ ኃላፊው የሚጠራቸው «ጋሼ ቀስ» እያለ ነው። በር ለሚከፍት «ቀስ»፣ ወንበር ለሚስብ «ቀስ»፣ ሊያስነጥስ አፍንጫውን ለያዘ ሰው እንኳ «ቀስ» ስለሚሉ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ክፍል ሲሠሩ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ልጅቷን በመጀመሪያው ሳምንት ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

«አንኳኩተው ሲጠብቁ አየሻቸው አይደል?» አለች መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ናቸው። እኔ የምፈራው አንድ ቀን ከውስጥ ‹ይግቡ› የሚል ድምፅ ቢመጣ ነው። እሳቸው እንደሆነ ደስ ብሏቸው ይገባሉ። እኔ ግን ያንን ደረጃ በመቀመጫዬ ነው የምወርደው።»

ሳቀች። ከዚያ የማን ልጅ ፊት እንደቆመች ትዝ አላትና መወልወያዋን አንሥታ የደረቀውን ወለል ታሽ ጀመር።

ክፍሉ የልጅቷ እናት የሥራ ክፍል ነበር። እናቷ እዚያ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ገፊ በሆነ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ ጠብታ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚይዝ መለካት፣ ያንኑ ቅርጽ ደግሞ በስሌት መሥራት። ተራ መስታወት ላይ የወደቀ ጠብታ እንደ ደከመው ሰው ተዘርግቶ ይተኛል። ውሃ ገፊ ሰሌዳ ላይ ግን አይተኛም። ቆዳውን ሰብስቦ ይነሣል፤ ኳስ ለመሆን ምንም አይቀረውም፤ ሰሌዳውን የሚነካው በተረከዙ ብቻ ነው። በሚነካበት ቦታ የሚሠራው ማዕዘን ወደ መቶ ሰማንያ ዲግሪ በተጠጋ ቁጥር ሰሌዳው ውሃን አብዝቶ ገፍቷል ማለት ነው። እናቷ በመጨረሻው ጽሑፏ መቶ ሰባ አንድ አገኘሁ ብላ ጻፈች። ጽሑፉ ታትሞ ሳይደርሳት ሞተች።

እንዲህ ያለው ጠብታ ለመሄድ ሰበብ ነው የሚፈልገው። በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ይበቃዋል፤ ተንከባሎ ከሰሌዳው ይወርዳል፣ የግማሽ ቀን ሥራም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ የክፍሉ ሕግ ማንኳኳት ነበር። ሁለት ጊዜ ይንኳኳል፤ ውስጥ ያለው ሰው ፎቶውን አንሥቶ «ይግቡ» እስኪል ይጠበቃል። ጋሼ ቀስ ሕጉን ጠብቀዋል። የጎደለው «ይግቡ» ባዩ ብቻ ነው።

ከሞቷ በኋላ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ሦስት ቤተ ሙከራዎች ሰሌዳውን ውሃ ገፊ የሚያደርገውን ሽፋን በእናቷ አሠራር ቀብተው ሞከሩ፤ ሦስቱም መቶ ስድሳ አምስት ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ደብዳቤ በትሕትና ጠየቀ። ሁለተኛው ሳይጠይቅ ተጠራጠረ። ሦስተኛው «ቁጥሩ ወደተፈለገበት አቅጣጫ የተጎተተ ይመስላል» አለ፤ ይህ በሰው ቋንቋ ዋሽታለች ማለት ነው። ጽሑፉን ያተመው መጽሔት እስከ ወሩ መጨረሻ ማረጋገጫ ካልመጣልኝ በላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ አትማለሁ ሲል አስታወቀ። ልጅቷ የእናቷን ትምህርት የተማረች ናት። ኃላፊው ደብዳቤዎቹን ከመሳቢያው አውጥቶ አሳያት። የእናቷን ቁጥር ለማዳን የነበራት ሦስት ሳምንት ተኩል ነው።

«የልጅ ልብ ይዘሽ አትግቢ» አላት ኃላፊው። «የባለሙያ ዓይን ይዘሽ ግቢ።»

ሁለቱንም ይዛ ገባች። ምን ታድርግ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ሰሌዳ፣ ከላዩ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ቀጭን መርፌ፣ በአንድ ወገን በደረቱ የተኛ ካሜራ፣ በሌላው ወገን ነጭ ደብዛዛ መስታወት የለበሰ መብራት። ከመብራቱ አጠገብ የአበባው ቀለም የለቀቀ ትራስ ያለበት ወንበር አለ። ልጅቷ ልትቀመጥበት ስትል ጋሼ ቀስ እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚያ አይደለም። ሌላ አመጣልሻለሁ።»

«ምን ሆኗል ይሄኛው?»

«ምንም አልሆነም። ቦታው ነው።»

ሌላ ወንበር አመጡላት። ሲያስቀምጡት አራቱ እግሮች ወለሉን ሲነኩ አልተሰማም። ቀና ብለው አዩዋትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አንቺ ነሽ ያስነጠስሽው» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ቢሆንሽ ነው። እናትሽ ይዘውሽ መጥተው። ያን የመሰለ ጠብታ ይዘሽው ሄድሽ።»

«ተቆጣችኝ?»

«እሳቸው? ሳቁ እንጂ። የተቆጣሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጠብታ አወረዱ። የመርፌውን ራስ በሁለት ጣት ያዙ፤ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ትከሻቸው ቆመ፤ የሸሚዛቸው ቁልፎች እንኳ ቆሙ። የክብሪት ራስ የምታህል ውሃ ከመርፌው ጫፍ አበጠች፣ ረዘመች፣ ለቀቀች። ሰሌዳው ላይ አንዴ ነጠረች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ቆመች። ካሜራው ጠቅ አለ። ያን ጊዜ ነው የተነፈሱት።

ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ፎቶ ስታይ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ጥቁር ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ሳንቲም የመሰለ ብርሃን አለ። ጠብታው ራሱ መነጽር ስለሆነ ከጀርባው ያለውን መብራት ገልብጦ ያሳያል። በብርሃኑ ጠርዝ በኩል፣ ከጣሪያ እንደተንጠለጠለ፣ ያ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ተዘቅዝቆ ይታያል።

የጋሼ ቀስ እጅ የትም አልተማረም። በልጅነታቸው አጎታቸው ሱቅ ገብተው መነጽር ሲሞርዱና ሲጠግኑ ኖሩ። አንድ ቀን ዶክተሯ፣ የልጅቷ እናት፣ የተሰበረ መነጽሯን ይዛ መጣች። ሰውየው ከአሸዋ የምታንስ ብሎን ሲያስሩ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ፤ እሷም ሰዓቷን እያየች ቆመች።

«ይህን ያህል ሳይተነፍሱ እንዴት ይቆያሉ?» አለች።

«ሥራው እስኪያልቅ ነው» አሉ።

በወሩ ቀጠረቻቸው። ቤት ውስጥ አብራቸው የምትኖረው ባሏ የሞተባት እኅታቸው ናት። ወንድሟ ሳይሰማ ከጀርባዋ እየተገኘ ስላስደነገጣት በሩ ላይ ቃጭል አንጠለጠለችበት። ምን ዋጋ አለው፤ በሩን ሲከፍቱት ቃጭሉም አይሰማም። «ወንድሜን ያገኘሁት ጥላ ሆኖ ነው» ትላለች ለጎረቤት። 

ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ስሌቱ የዶክተሯ፣ መስመሩ የጋሼ ቀስ። ስሌቱ ከጠብታው አናት ይጀምራል። አናቱ ላይ የውሃው ቆዳ ዘና ያለ ነው። አንድ በጣም ትንሽ እርምጃ ወደ ታች፤ ከላይ ያለው ውሃ ይከብዳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቆዳውም ያንን ለመቻል ይበልጥ ይጎብጣል። ደግሞ አንድ እርምጃ። ጎኑ ይሰፋል፤ ሆዱ ይወጣል፤ ከሆዱ በታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እንዲህ በእርምጃ የተሠራው ኩርባ ፎቶው ላይ ሲደረብ ከጠብታው ጠርዝ ጋር ልክ ይሆናል። ኩርባው ግን ወለሉ የት እንዳለ አያውቅም። ካላስቆሙት እየታጠፈ ይቀጥላል። «ወለል እዚህ ነው፣ ቁም» የሚለው በፎቶው ላይ የሚሰመር መስመር ነው፤ እሱን የሚያሰምረው ደግሞ ሰው። ፎቶ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። መስመሩ ሁለት ነጥቦች ያህል ዝቅ ካለ ኩርባው ይበልጥ ታጥፎ ይደርስበታል፣ ማዕዘኑም ይተልቃል። ተራ መስታወት ላይ ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ውሃ ገፊ ሰሌዳ ላይ ግን ጠብታው የሚነካው ከሆዱ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነው። እዚያ ሁለት ነጥቦች ስድስት ዲግሪ ይወልዳሉ።

ልጅቷ የሰው እጅ የማይገባበት መንገድ አሰበች። ሰሌዳው የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ከጠብታው ሥር ነጸብራቁ ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ጫማ ለጫማ ገጥመው እንደቆሙ ሁለት ሰዎች። የጠብታውን ኩርባ ከላይ ወደ ታች፣ የነጸብራቁን ኩርባ ከታች ወደ ላይ ብትሠራ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ወለሉ ነው። ማንም ማስመር አይኖርበትም። ፕሮግራሙን ጽፋ የእናቷን ስድስት መቶ አርባ ፎቶዎች በሙሉ አንድ በአንድ አስገባችበት።

ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ኮሪደሩን ሞልታው ሳለ፣ ፎቶዎቹን ስታገላብጥ እናቷን አገኘቻት።

በብርሃኑ ሳንቲም ጠርዝ ያለው ወንበር ባዶ አልነበረም። የጎበጠ ትከሻ አለ፤ ከትከሻው በታች፣ ማለትም በላይ፣ የታሰረ ጸጉር። እናቷ ፎቶው እስኪነሣ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ሳትንቀሳቀስ ትቀመጥ ነበር። በአንዱ ጠብታ ውስጥ ሹራብ ደርባለች። በሌላው አገጯን በእጇ ደግፋለች። በየጠብታው ውስጥ፣ ከቅማል እንቁላል በምታንስ ብርሃን ውስጥ፣ ተዘቅዝቃ ትጠብቃለች። ልጅቷ ሥራዋን ረስታ አንዱን ፎቶ ከሌላው አስከትላ እናቷን ስታይ ቆየች። የመጨረሻዎቹ ዐሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ወንበሩ ባዶ ሆነ።

የተነሡበትን ቀን አየች። እናቷ ሆስፒታል የተኛችባቸው ሳምንታት ናቸው።

ከዚያ የፕሮግራሙን ውጤት ከፈተች። በስድስት መቶ ሃያ ዘጠኙ ፎቶዎች ላይ የጋሼ ቀስ መስመርና ሁለቱ ኩርባዎች የሚገናኙበት ቦታ አንድ ነው፤ ጸጉር አይገባበትም። በዐሥራ አንዱ ላይ መስመሩ በሁለት ነጥቦች ዝቅ ብሏል። ስህተት ቢሆን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይል ነበር። ይህ ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ሁልጊዜ ሁለት ነው። መቶ ሰባ አንድ የተባለው መቶ ስድሳ አምስት ነው።

በማግሥቱ ጋሼ ቀስ ሰሌዳዎቹን በተጣራ ውሃ ሲያለቀልቁ አጠገባቸው ቆመች። ውሃው ሰሌዳውን ሳያረጥብ እንክብል እንክብል ሆኖ ይሸሻል።

«ጋሼ፣ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ አንድ ፎቶዎች ማነው ያሰመራቸው?»

«ሁሉንም ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

«እማዬ አልነበረችም።»

«አልነበሩም።» ሰሌዳውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። እጃቸውን አደረቁ፤ ከደረቀ በኋላም ማድረቃቸውን አልተዉም። «አገኘሽው ማለት ነው።»

«ሁለት ነጥቦች።»

«ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ።»

ልጅቷ ልትጮህ አፏን ከፈተች። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን መጮህ አልመጣላትም። «ለምን?» አለች በሹክሹክታ።

«ልጠይቃቸው ስሄድ ከሩቅ ያዩኝና ከሰላምታ በፊት ‹መቶ ሰባ አለፈ?› ነው የሚሉኝ። ሁለት ሳምንት ‹ገና ነው› አልኳቸው። ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ‹ገና ነው› ሲባል ፊቱ ምን እንደሚሆን አይተሽ ታውቂያለሽ? በሦስተኛው ሳምንት አፌ ‹አለፈ› አለ። አስቤበት አይደለም፤ ብቻ አለ። ከዚያ አፌ ካለው ጋር ፎቶው እንዲስማማ አደረግሁ። ይጽፉታል ብዬ መች አሰብኩ። ትራስ ላይ ተደግፈው ጻፉት።»

«ሦስት ዓመት እናቴን ውሸታም ሲሏት ዝም አሉ?»

«ደብዳቤው ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የሰማሁት አንቺ የመጣሽ ቀን ነው።»

«ከመጣሁም ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ሆነሽ» አሉ። ራሳቸውን አልተከላከሉም። «በየቀኑ ልነግርሽ ነው የምገባው። ከገባሁ በኋላ ጠብታው ይወርዳል፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እንደያዝኩት ሰዓቱ ይደርሳል።»

ወንበሩን አዩ፤ ልጅቷን ሳይሆን ወንበሩን እያዩ ቀጠሉ።

«ሌላም አለ። አንዱን ፎቶ አሳትሜ ወስጄላቸው ነበር። መነጽር አላደረጉም፤ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። ‹መስመሩ ዝቅ አላለም እንዴ?› አሉኝ። ‹አላለም› አልኩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ፎቶውን አይደለም፤ እኔን። ‹እሺ› አሉ።»

«እሺ?»

«እሺ ብቻ። አምነውኝ ይሁን፣ አውቀው ትተውኝ ይሁን፣ አላውቅም። ሰዎቹ ‹ይግቡ› የሚለውን የምጠብቅ ይመስላቸዋል። እኔ በሩ ላይ ጆሮዬን የማደርገው ያንን ‹እሺ› እንደገና ለመስማት ነው፤ ቃናው ጠፍቶብኝ።»

ክፍሉ ውስጥ መብራቱ እዝዝ ይላል። ልጅቷ ያንን ቃል በእናቷ ድምፅ ለመስማት ሞከረች። የእናቷ እሺ ብዙ ዓይነት ነበር፤ የትኛው እንደሆነ እሷም አልታወቃት።

ጋሼ ቀስ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመው ጻፉ። ፊደላቸው እንደ መስመራቸው ቀጥ ያለ ነው። «የመጨረሻዎቹን ዐሥራ አንድ ፎቶዎች የወለል መስመር ሆን ብዬ ዝቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዶክተሯ በቦታው አልነበሩም። ትክክለኛው ማዕዘን መቶ ስድሳ አምስት ነው።» ከሥሩ ጥቂት መስመር ባዶ ትተው ፈረሙ። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት።

«ያንን ‹እሺ› አልጻፍኩትም» አሉ። «ይግባ ካልሽ ቦታ ትቼለታለሁ። አይግባ ካልሽም ከእኔና ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ባዶውን ቦታ አየችው። አይግባ ብትል እናቷ ንጹሕ ትሆናለች፤ አንድም ሰው ዐውቃ ነበር አይልም። ቀላል ነው። ከሁለት ነጥቦች አይበልጥም። እስክሪብቶውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እንዳለ ይጻፉት» አለች። «መስመሩ ዝቅ አላለም ወይ ብላ ጠየቀች፤ አላለም አሉ፤ እሺ አለች። ሌላውን የሚያነበው ይወቀው። እኔ አላሰምርም።»

አዩዋት። ዓይናቸው ውሃ ያዘ፤ አልወረደም። በቆሙበት ጨምረው ጻፉ፤ ወረቀቱን አጠፉት። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት እንደተለመደው ምንም አልተሰማም። «ሰሌዳ ላይ ጠብታ አለ» አሉ። «በሩን ስትዘጊ…»

«ቀስ እላለሁ።»

በሩ ላይ ቆማ ሲሄዱ አየቻቸው። በየበሩ ጀርባ አንድ ጠብታ የተቀመጠ ይመስል ግድግዳ ግድግዳውን፣ ነፋስ ሳያስነሡ ነው የሚራመዱት። የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን አርጥባው ነበር።

«ጋሼ ቀስ፣ ወለሉ ያንሸራትታል፤ ዛሬስ እርስዎ ቀስ ይበሉ» አለቻቸው። እጃቸውን ብቻ አነሡላት።

ጥግ ላይ፣ ኃላፊው በር ጋ ደረሱ። በመሐል ጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ ጆሯቸውን ወደ እንጨቱ ዘንበል አድርገው ቆሙ።

«ይግቡ» አለ ድምፅ ከውስጥ።

ጋሼ ቀስ ደንግጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ለአፍታ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሳይተነፍሱ፣ እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ገፉና ገቡ።